ቀጭን ሆኜ እንቅልፍ ላይ ትንፋሼ የሚቆረጠው በአገጬ ምክንያት እንደሆነ እንዴት አወቅኩ

ሐረር መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ። ለማያውቀው፣ ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው፣ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ የሞላበት መንገድ ነው፣ ስሙም ከዛው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው የወጣለት። እድሜዬ 41፣ ኪሎዬ 61፣ ኮሌታዬ 37። ቁጥሩን ከመጀመሪያው የማስቀምጠው ወድጄ አይደለም፣ ሰባት አመት ሙሉ ማንም ሰው፣ ያዩኝ ሐኪሞችም እኔም ጭምር፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆረጥ የሚባለውን በሽታ ከኔ ጋር ያላገናኘነው በነዚህ ቁጥሮች ምክንያት ስለሆነ ነው። የሚያንኮራፋ ሰው ሲባል ሁላችንም አይን ላይ የሚመጣው ቦርጩ ቀበቶው ላይ የተንጠለጠለ፣ አንገቱ ከትከሻው ያልተለየ ሰውዬ ነው፣ እኔ ደሞ ሱሪዬን ራሴ ካላጠበብኩት የሚወልቅብኝ ሰው ነኝ። ስለዚ እንደኔ ቀጭን ሆናችሁ የምትሰቃዩ ካላችሁ ብዬ ነው የምፅፈው፣ ይረዝማል፣ ቡና አፍሉ።

መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ አፌ ክው ብሎ ደርቆ፣ ግንባሬን ራስ ምታት ይዞኝ፣ ሌሊት ለሽንት ሶስት አራቴ መነሳት፣ ቀን ደሞ ከምሳ በኋላ መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ ማንቀላፋት። ህክምና ስሄድ መጀመሪያ ታይፎይድ ተባልኩ (ማን ያልተባለ አለ)፣ ቀጥሎ ደም ማነስ፣ ቀጥሎ ጨጓራ፣ ለሽንቱ ስኳር ተመረመርኩ የለም፣ በመጨረሻ ግፊት ተገኘብኝ፣ 150 በ95፣ ክኒን ተጀመረ፣ ሁለተኛ ክኒን ተጨመረ፣ ግፊቱ ግን አልወርድ አለ። አንድም ሰው "እንዴት ነው የምትተኛው" ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም፣ ማንኮራፋት ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅማ፣ እናቴ ታንኮራፋለች፣ የናቴ ወንድሞች ያንኮራፋሉ፣ እኛ ቤት ማንኮራፋት የዘር ነው እየተባለ ይሳቃል። የዘር መሆኑስ እውነት ነበር፣ እመጣበታለሁ።

እናቴ ግን ለኔው ሌላ ስም አወጣችለት፣ ዱካክ። አንዳንድ ሌሊት ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስል እየታፈንኩ ብድግ እላለሁ፣ ልቤ ድው ድው፣ ላብ በላብ። ዱካክ ነው የሚጫጫንህ ብላ ትራሴ ስር ቢላ አስቀመጠች፣ ፀበል አመጣች፣ ቢላው ሁለት ወር ከኔ ጋር አደረ፣ በስተመጨረሻ ባለቤቴ ልጆቹ ያገኙታል ብላ ነው ያነሳችው። ባለቤቴ ደሞ የራሷ ትንተና አላት፣ ሐረር ማታ ማታ ጅብ ሰፈር ውስጥ እንደሚዞር ታውቃላችሁ፣ "አጥንት ፈልገው አይደለም የሚመጡት፣ ዘመድ የጠራቸው መስሏቸው ነው" ትላለች። እየቀለደች እየቀለደች አንድ ቀን ፍራሿን ይዛ ልጆቹ ክፍል ገባች፣ እዛው ቀረች።

ጫቱን ልደብቀው አልችልም፣ ምክንያቱም ነገሩን ለአመታት የደበቀብኝ እሱ ነው። እዚህ ከተማ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥል በሽታ ይዞህ ሳይታወቅብህ ልትኖር ትችላለህ አቦ፣ 8 ሰዓት ሲል ሁሉም ሰው ያዛጋል፣ ሀራራ ነው ይባላል፣ በርጫ ይቀመጣል፣ አይን ይገለጣል፣ በቃ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር አነቃቂ ነው፣ ያልተኛኸውን እንቅልፍ አይከፍልልህም፣ የመክፈያ ቀኑን ነው የሚያራዝምልህ። ከዛ ማታ ምርቃናው አላስተኛ ይላል፣ ለሱ ደሞ ጨብሲ፣ ሁለት ቢራ፣ አንዳንዴ ሶስት። አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ የላላ ጉሮሮ ደሞ ቶሎ ይዘጋል፣ ማለት በገዛ ገንዘቤ የራሴን ጉሮሮ ስዘጋ ነው የኖርኩት። ማንኮራፋቴ ግድግዳ የሚያልፈው በጨበስኩ ቀን ነው፣ ጎረቤት ይመስክር።

የዛሬ ሁለት አመት ግን ጫቱም አልቻለውም። የሰርግ ሰሞን ነበር፣ የሚዜ ሱሪ ለማድረስ እየተጣደፍኩ ነው፣ የኔ መኪና በሞተር ነው የሚሰራው፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ እንዳለ አይኔ ተከደነ፣ የነቃሁት መርፌው የግራ እጄን ሌባ ጣት ጥፍር በስቶ ሲወርድ ነው። 22 አመት ስሰፋ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ጣቴን በጨርቅ እያሰረ "ጋሼ አንቀላፍተህ ነበር እኮ፣ እያንኮራፋህ ነበር" አለኝ። እየሰፋሁ!

የዛን ለት ማታ ባለቤቴ ስልኳን ትራሴ ጎን አድርጋ ቀዳችኝ፣ እኔም በማግስቱ ሱቅ ብቻዬን ሆኜ ሰማሁት። ወላሂ (ክርስቲያን ነኝ፣ ሐረር ያደገ ወላሂ ይላል) ከማንኮራፋቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። ኩርርር ኩርርር እያለ ይሄድና ድንገት ፀጥ። ባለቤቴ በሹክሹክታ ትቆጥራለች፣ አስር፣ አስራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ ሶስት ላይ ስትደርስ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ብቅ እንዳለ ሰው ህእእክ ብዬ አየር ስስብ ይሰማል፣ አልጋው ይንቋቋል፣ ደሞ ኩርርር። እጇን አፍንጫዬ ስር አድርጋ ነበር፣ "ደረቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ትንፋሽ ግን የለም" ስትል ይሰማል። ይቺ አረፍተ ነገር ትልቅ ነገር ናት፣ ደረት እየታገለ አየር ካልገባ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ደረትም ጭራሽ ዝም ካለ ግን ሌላ አይነት ነው፣ አእምሮ ራሱ ተንፍስ የሚለውን ትዕዛዝ ሳይሰጥ ሲቀር የሚመጣ። 10 ሰከንድና ከዛ በላይ ከቆመ እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። ቤታችሁ እንዲህ የሚሆን ሰው ካለ ቅዱት፣ ሐኪም ፊት ከመቶ ቃል ሁለት ደቂቃ ቀረፃ ይሻላል።

ቀረፃውን ይዤ ሮጥኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ፣ አልሮጥኩም፣ ስድስት ወር ስልኬ ውስጥ ተቀመጠ። ህክምና የሄድኩት በሌላ ነገር ነው፣ በቡአ። ብሽሽቴ ላይ የወጣ ነገር ነበር፣ ኦፕሬሽን ተባለ፣ ተቀጠርኩ፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ መጣች፣ ገና ወጣት ናት። "ጋሼ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አፍዎን እስከመጨረሻው ይክፈቱ፣ ምላስዎን ያውጡ፣ ድምፅ ግን አያሰሙ" አለችኝ። በስልኳ መብራት አየች፣ ዝቅ ብላ አየች፣ ቀና ብላ አየች። "እንጥልዎ አይታየኝም" አለች። ተቆርጧል አልኳት፣ በልጅነቴ። ሳቋ መጣ፣ "ቢኖርም አላየውም ነበር" አለችኝ። ከዛ አንገቴን ወደ ኋላ አስደርጋኝ ጣቶቿን ደርድራ ከአገጬ አጥንት እስከ ማንቁርቴ ለካች፣ ሶስት ጣት መግባት ነበረበት፣ የገባው ሁለት ነው። ከዛ "ጢምዎን ለምንድን ነው የሚያሳድጉት?" ስትለኝ ጨዋታ የጀመረች መስሎኝ ነበር።

ጢሙ ታሪክ አለው። ትምህርት ቤት "አገጭ የለሽ" ነበር የሚሉኝ፣ ከጎን ስታዩኝ ከታችኛው ከንፈሬ ቀጥታ ወደ ማንቁርቴ ነው የምወርደው፣ መሃል ላይ የሆነ ነገር ሳይሰፋ የቀረ ይመስላል። 20 አመቴ ላይ ጢም አሳደግኩ፣ ነገሩ ተሸፈነ። ባለቤቴ ራሷ ተላጭቼ ያየችኝ ከተጋባን በኋላ ነው፣ በር ላይ ቆማ "ማንን ፈልገህ ነው?" ነው ያለችኝ። እና ለልጅቷ እውነቱን ነገርኳት፣ እሷም "ያንኮራፋሉ አይደል?" አለችኝ። ሰባት አመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ!

ሙሉ ማደንዘዣ አልሰጥዎትም፣ በወገብ ይሻልዎታል ብላ ወገቤ ላይ ወጋችኝ። ከወገቤ በታች ድንዝዝ አለ፣ እኔ ደሞ ሌሊቱን በሀሳብ አይኔን ሳልከድን ስላደርኩ እዛው ጠረጴዛ ላይ በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀጥሎ የሆነውን ኋላ ላይ ነው የነገረችኝ። ጣቴ ላይ ያለው የኦክሲጅን መለኪያ ይጮሃል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። "ከጆሮዎ ስር መንጋጋዎን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፊት ስገፋው ማንኮራፋቱ ወዲያው ቆመ፣ ኦክሲጅኑም ተመለሰ። ስለቀው ተመልሶ ተዘጋ፣ ደግሜ ስገፋው ተከፈተ" አለችኝ፣ የራሷን መንጋጋ ይዛ እያሳየች። "ከኪሎ ጋር አይደለም የርስዎ፣ ከአጥንት ጋር ነው። አንገት በላይ ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ይደረግልዎ።"

ነገሩን በሙያዬ ላስረዳችሁ። ኮት ላይኛው ጨርቅ አለው፣ ገበር አለው። ገበሩ ከላይኛው ጨርቅ ከበለጠ ውስጥ ለውስጥ ይሸበሸባል፣ እጅህን እጅጌው ውስጥ ስትከት መሃል መንገድ ላይ ይይዝሃል። ሰው ሲወፍር ገበሩ ነው የሚጨምረው፣ ምላስ ውስጥና ጉሮሮ ዙሪያ ስብ ይገባል። እኔ ጋ ገበሩ ልክ ነው፣ ላይኛው ጨርቅ ነው አንሶ የተቆረጠው፣ መንጋጋዬ ትንሽና ወደ ኋላ የሄደ ስለሆነ ምላሴ ቦታ አጥቶ ወደ ጉሮሮ ይገፋል። መጨረሻው ያው ነው። አፍንጫ አጥንት አለው፣ የአየር ቧንቧው የቅርጭጭት ቀለበት አለው፣ መሃላቸው ያለው ጉሮሮ ግን የሚቆመው በጡንቻ ነው፣ ነቅተን ሳለን ጡንቻው ወጥሮ ይይዘዋል፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይላላል፣ በጀርባ ስንተኛ ደሞ ምላስ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይወድቃል። ሲዘጋ ኦክሲጅን ይወርዳል፣ አእምሮ ይደነግጥና ለጥቂት ሰከንድ ያነቃሃል፣ አንተ አታስታውሰውም፣ ሌሊቱን ሙሉ የተኛህ ይመስልሃል። ግፊቱም በክኒን አልወርድ ያለው በዚሁ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰውነት ሲደናገጥ ያድራላ። ሽንቱ ራሱ ከዚሁ ነው፣ በተዘጋ መንገድ አየር ለመሳብ ስትታገል ደረት ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ልብን ይለጥጠዋል፣ ልብ ደሞ ውሃ የበዛ መስሎት ኩላሊትን አስወጣ የሚል ሆርሞን ይለቃል። እኔ ስኳር ነው ብዬ ሻይ ያለ ስኳር ስጠጣ ከርሜ!

እሺ፣ እናንተስ ምን ታያላችሁ። ፊት ለፊት መስታወት አይጠቅምም፣ ከጎን ፎቶ ተነሱ፣ ጢም ያለው ጢሙን በእጁ ጫን አድርጎ፣ አገጫችሁ ከታችኛው ከንፈር በጣም ወደ ኋላ የቀረ ነው ወይ። ጥርሳችሁን ግጠሙ፣ የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው ምን ያህል ቀድሞ ወጥቷል፣ እኔ ጋ የትንሿ ጣቴ ጫፍ መሃሉ ይገባል፣ ሳንድዊች ስበላ ሰላጣው ሁልጊዜ ተጎትቶ የሚወጣው ለዚ እንደሆነ በ41 አመቴ ነው የገባኝ። ላንቃችሁን በምላስ ዳሱት፣ ጠባብና እንደ ድንኳን ወደ ላይ የሾለ ከሆነ ምላስ ከላይ የሚያርፍበት የለውም፣ በዛ ላይ የአፍ ጣራ ማለት የአፍንጫ ወለል ስለሆነ የጠበበ ላንቃ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አፍንጫውም ጠባብ ነው። የምላሳችሁን ጠርዝ እዩ፣ የጥርስ ቅርፅ እንደ ዳንቴል ጫፍ ታትሞበት ከሆነ ምላሱ ለቦታው በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አፍንጫም አይረሳ፣ የኔ መሃለኛው አጥንት ልጅ ሆኜ ኳስ መትቶኝ ወደ ግራ ተጣሟል፣ አፍንጫ ሲዘጋ አፍ ይከፈታል፣ አፍ ሲከፈት ደሞ መንጋጋ ይብሱን ወደ ኋላ ይሄዳል።

ልጅቷ አፌን አስከፍታ ያየችው ማላምፓቲ ይባላል፣ ማላምፓቲ የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ነው፣ አላማው ኦፕሬሽን ላይ ቱቦ ማስገባት ለማን እንደሚከብድ ቀድሞ ለመገመት ነበር፣ ኋላ ላይ የእንቅልፍ ሐኪሞችም ያዙት። እንጥሉም በጎንና ጎኑ ያለው ቅስትም ከታየ 1 ነው፣ ለስላሳው ላንቃ እንኳን ሳይታይ ጠንካራው ብቻ ከታየ 4። እኔ 4 ነኝ። ስትሞክሩት "አአአ" አትበሉ፣ አአ ሲባል ላንቃው ወደ ላይ ይነሳና የሌለ ቦታ ያለ ያስመስላል።

አንገት መለካት የኔ ስራ ስለሆነ በሱ ልኩራ። ስቶፕ ባንግ የሚባል በ8 ጥያቄ የሚሰራ መመዘኛ አለ፣ ካናዳ ቶሮንቶ ላይ የተሰራ፣ ማንኮራፋት፣ ድካም፣ ትንፋሽ ሲቆም የታየ እንደሆነ፣ ግፊት፣ ውፍረት፣ እድሜ ከ50 በላይ፣ አንገት ከ40 ሴንቲ በላይ፣ ወንድ መሆን። እኔ ውፍረቱ፣ እድሜውና አንገቱ የለኝም፣ ያም ሆኖ 5 አገኘሁ፣ 5ና ከዛ በላይ ደሞ ከፍተኛ ስጋት ነው የሚባለው። አገጭን ግን ወረቀቱ አይጠይቅም፣ ለኔ አይነቱ ሰው ይሄ ጉድለት ነው እላለሁ። አሁን ሸሚዝ የሚያሰፋ ሰው አንገቱን ስለካው 40 ካለፈ "ታንኮራፋለህ?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ አንዱ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ዞር ብሎ "ሚስቴ ናት የላከችህ?" አለኝ።

ስለ እንጥል ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ስለሚሳሳት። እኔ በህፃንነቴ ነው የተቆረጠልኝ፣ ያን ጊዜ እንጥሉ አብጦ ወርዶ ልጁን ያንቀዋል ተብሎ ስለሚፈራ በየቤቱ ይቆረጥ ነበር፣ ባልተቀቀለ ስለት፣ እናቴ አሁንም ያተረፈችኝ ነው የሚመስላት፣ አልከራከራትም። ግን በዛ መንገድ ስንት ህፃን ደም ፈሶት፣ ስንቱ ቁስሉ መርዞበት ሞቷል። እና ማንኮራፋቴ ሲወራ አንድ ዘመዳችን "የቀረውን አስቆርጥለት" ብሏል፣ የቀረ ካለ ማለት ነው። እኔ ያለ እንጥል ነው ሰባት አመት የታፈንኩት፣ እንደኔ መንጋጋው ትንሽ የሆነ ሰው የሚዘጋው ከምላስ ጀርባ ነው፣ እንጥል ብትቆርጥለት በሩን ትተህ መጋረጃ ማንሳት ነው።

አንገት በላይ ሐኪሙ አፍንጫዬንም ጉሮሮዬንም በካሜራ አየና አንድ ነገር አስረግጦ ነገረኝ፣ ፊት ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ ምርመራ አይደለም፣ አገጩ ትንሽ ሆኖ ሰላም የሚተኛ አለ፣ መልኩ ቀጥ ያለ ሆኖ የሚታፈን አለ፣ የሚቆጥረው የሌሊቱ ምርመራ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሌሊት ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫዬ ላይ ቱቦ፣ ጣቴ ላይ መለኪያ አድርጌ ተኛሁ። ከዛ በፊት ለአንድ ሳምንት ጫትም ቢራም ተከልክዬ ነበር፣ ስለዛ ሳምንት ባላወራ ይሻላል። ውጤቱ በሰዓት 27 ጊዜ፣ ዝቅተኛው ኦክሲጅን 78 በመቶ። ከ5 እስከ 15 ቀላል ነው፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ። የኔ ሲበተን ግን በጀርባዬ 44፣ በጎኔ 11 ነው፣ ይቺን ሳይ ወረቀቱ ላይ ማከሚያዬ ተፅፎ ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ፣ የመሬት ስበት ነው እኮ።

ስለዚ ወደ ቤት እንደተመለስኩ የመጀመሪያ ስራዬ አንድ አሮጌ ካናቴራ ወስጄ ጀርባው ላይ፣ ሁለቱ ትከሻ አጥንት መሃል ኪስ ሰፍቼ ቴኒስ ኳስ ከተትኩበት። በጀርባህ ስትዞር ኳሱ ይወጋሃል፣ ሳትነቃ ወደ ጎንህ ትመለሳለህ። ኪሱን አራት ማዕዘን አትስሩት፣ ኳሱ ይንሸራተታል፣ ክብ አድርጋችሁ አፉን በላስቲክ ጠብቁት፣ አንድ ኳስ ካልበቃ ሁለት ጎን ለጎን። ርካሽ ነው፣ ግን ጀርባውም ጎኑም እኩል ለሚዘጋበት ሰው ብቻውን አይሰራም፣ ለኔም ያ በጎኔ የቀረው 11 ነበር።

ዋናው ማሽኑ ነው፣ ሲፓፕ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ያስተዋወቀው ነው፣ የመጀመሪያዎቹ በአቧራ መምጠጫ ማሽን ሞተር ነበር የሚሰሩት። ኦክሲጅን አይደለም የሚሰጠው፣ የክፍሉን አየር በትንሽ ግፊት እየነፋ ጉሮሮው እንዳይከደን ከውስጥ ያቆመዋል፣ ኮሌታ እንዲቆም ውስጡ ጠንካራ ጨርቅ እንደምናስገባው ማለት ነው። ቶሮንቶ ያለ የአክስቴ ልጅ ነው የላከልኝ፣ ያገለገለ። ያገለገለ ስትቀበሉ ሞዴሉን አጣሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ትልቅ አምራች ውስጡ ያለው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ስለሆነ በሚሊዮን የሚቆጠር ማሽን ሰብስቧል፣ የማሽኑን የአየር ግፊትም በምርመራው ውጤት መሰረት ሐኪም ነው የሚያስተካክለው፣ በግምት አትነካኩት።

የኔ ፈተና ማስኩ ነበር። አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ትልቁ የታችኛው ጠርዙ አገጭ ላይ ነው የሚያርፈው፣ አገጭ የለኝም፣ ሌሊቱን ሙሉ ፊሽ ፊሽ ሲል ያድራል፣ ጢሙ ደሞ ጨመረበት፣ ማሰሪያውን ሳጠብቀው መንጋጋዬን ጭራሽ ወደ ኋላ ይገፋዋል። አስር ቀን ታግዬ ጥዬው ነበር። ከዛ አፍንጫ ላይ ብቻ ወደሚቀመጠው ቀየርኩ፣ ጢሜን አሳጠርኩ፣ አፌ እንዳይከፈት ደሞ ራሴ ከላስቲክና ከጥጥ ጨርቅ የአገጭ ማሰሪያ ሰፋሁ፣ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ላይ የሚይዝ፣ ስፌቱ ጆሮ ላይ እንዳያርፍ አድርጌ። ባለቤቴ ስታየኝ "ጥርሱን ያመመው ሰው" ብላ ተንከተከተች፣ ግን ፍራሿን ይዛ ተመለሰች። በሶስተኛው ሳምንት ራስ ምታቱ ጠፋ፣ ሽንቱ አንዴ ወይ ዜሮ ሆነ፣ ግፊቱ ከሁለት ክኒን ወደ አንድ ወረደ (ሐኪም አይቶ ነው፣ በራሳችሁ እንዳትቀንሱ)። መብራት የጠፋ ለት ኳሷ አለች። ጫቱን አቆምኩ አልላችሁም፣ ቅዳሜ ሆነ፣ ጨብሲውን ግን ትቻለሁ።

ሌላም መንገድ አለ፣ የጥርስ ሐኪም በልክ የሚሰራው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ የአፍ ውስጥ ነገር፣ ያቺ ልጅ በእጇ ያደረገችውን ሌሊቱን ሙሉ ይሰራል ማለት ነው። እኔ የኋላ ጥርሶቼን በየጊዜው ስላስነቀልኩ የሚይዘው አጣ። ሁለቱንም መንጋጋ ወደ ፊት የሚያመጣ ኦፕሬሽንም አለ፣ ትልቅ ነው፣ ለኔ አላሰብኩትም። ውፍረት ላለባችሁ ደሞ መቀነሱ በጣም ይጠቅማል፣ ክብደትን በ10 በመቶ መቀነስ የመዘጋቱን ቁጥር በሩብ ገደማ እንደሚቀንሰው ጥናት አለ፣ እኔን ግን ቀንስ ብትሉኝ ከየት።

የዘሩን ነገር እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። ሐኪሙ "ልጆችህስ?" ሲለኝ አገጬን የወሰደችው ትንሿ ልጄ ትዝ አለችኝ፣ 6 አመቷ ነው። አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልሳ ነው የምትተኛው፣ እኛ ደሞ "አባቷን" እያልን ስንስቅ ነው የኖርነው። አይኗ ስር ጠቁሯል፣ ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምራለች፣ አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ አትረጋጋም ብላ ሁለቴ አስጠርታናለች። ልጅ ደሞ እንደ ትልቅ ሰው አይደለም፣ ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ያንቀላፋል፣ ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ ይቀብጣል። ሳሳያት ቶንሲሎቿ ሊነካኩ ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ከአፍንጫዋ ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ስጋም አብጦ መንገዱን ይዞታል። ልጅ ላይ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ ፊታቸውም ገና እያደገ ስለሆነ ለአመታት በአፍ የሚተነፍስ ልጅ ፊቱ ወደ ቁመት፣ ላንቃው ወደ ጥበት ሊያድግ ይችላል፣ ማለት እኔ ላይ ያለው ነገር ከፊሉ የተወለድኩበት ከፊሉ ያደግኩበት ሊሆን ይችላል። ቶንሲሉም አዴኖይዱም ወጣላት፣ ከታየች ከሁለት ወር በኋላ።

አንድ ሳምንት ጉሮሮዋን አመማት፣ አይስክሬም እያልን አለፈ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሌሊት ባለቤቴ ደንግጣ ከአልጋ ወረደች፣ እኔም ማስኬን አውልቄ ተከተልኳት፣ ልጅቷ አፏን ገጥማ በጎኗ ተኝታለች፣ ምንም ድምፅ የለም። ባለቤቴ ተንበርክካ እጇን አፍንጫዋ ስር አድርጋ፣ በሹክሹክታ መቁጠር ጀምራ፣ ሁለት ላይ አቆመች።